ከፎቶው ላይ የቆረጥኩት ጣሪያ

ተጨማሪ የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ በፊተኛው ቃሏ እንደተመዘገበው፤ በሰፈሩ «የሹፌሩ ሚስት» በመባል የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 38
ሥራ፦ የፎቶ ኮፒና የጉርድ ፎቶ ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የቤት ቁጥር 214
ቀንና ሰዓት፦ ሰኞ፣ ወሩ በገባ በ9ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡40
ጉዳዩ፦ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ
ቃሉን የተቀበለው፦ የምርመራ ክፍል ዋና ሳጅን

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር የዛሬ አሥራ ስድስት ቀን በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜያለሁ። በዚያ ቃል ውስጥ አንድ ነገር ዋሽቻለሁ። በእኔ ውሸት ምክንያት አንድ ሰው አሥራ ሦስት ቀን ታስሮ ስለሚገኝ፣ ቃሌን ለማስተካከል ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቻለሁ። ሐሰተኛ ቃል መስጠት እንደሚያስከስሰኝ ዋና ሳጅኑ ነግሮኝ ገብቶኛል።

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ነበር ማለት ይሻላል። አሥራ አራት ዓመት ነድቷል። እናቱ፣ ማለትም አማቴ፣ አምና ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከእኛ ጋር በተሽከርካሪ ወንበር ይኖራሉ። ከመኝታ ክፍላቸው ወደ መታጠቢያ ቤት የሚያሳልፈው በር ለወንበሩ ስለሚጠብ በቀን አራት አምስት ጊዜ አቅፈን እናሻግራቸዋለን። አማቴ ኩሩ ሴት ናቸው፤ እኔ ስሸከማቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በሩን የሚያሰፋ ግንበኛ ብንጠራ ሁለት ጊዜ ቀጥሮን ሁለቴም ቀረ። ባለቤቴም ግድግዳውን ራሴ አፈርሰዋለሁ አለ። እሱ አንድ ነገር አደርጋለሁ ካለ የሚመልሰው የለም። ቢሆንም እስቲ መጀመሪያ ሰው ጠይቂልኝ ብሎኛል።

ሰው ማለቱ በስልክ ያለውን የቤት ጥገና ቡድን ነው። ከአርባ ሺህ በላይ አባላት አሉት። የተቸገረ ሰው ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፣ የሚያውቅ ይመልሳል፤ የማያውቀው ደግሞ ቀድሞ ይመልሳል። ከመላሾቹ መካከል «መፍቻ» በሚል ስም የሚጽፍ፣ በፊቱ ፈንታ የመፍቻ ሥዕል የለጠፈ አንድ ሰው አለ። እሱ ከተናገረ በኋላ ክርክር አይኖርም። እኔም የሚያንጠባጥብ ቧንቧዬን ሁለት ጊዜ በእሱ ቃል አስተካክያለሁ። አሁን የታሰረው ተጠርጣሪ እሱ ነው።

ግድግዳው ሊፈርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት ከሥራ እንደገባሁ፣ ከምሽቱ 12፡30 ገደማ፣ ግድግዳውን ፎቶ አነሳሁት። ፎቶው ላይ ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ጣሪያውም ወጥቷል። ያ ጣሪያ ከክረምት ጀምሮ ያፈሳል። ኮርኒሱ ስለወደቀ አግዳሚው እንጨት በግድግዳው ላይ እንደተጫነ ይታያል፤ ከሥሩም ላስቲክ ወጥረን፣ ጠብታውን እንዲቀበል የዕቃ ማጠቢያ ሳፋ በሽቦ አንጠልጥለናል። በቡድኑ ውስጥ የመሥሪያ ቤቴ አለቃና የባለቤቴ እህት አሉ። የባለቤቴ እህት ቤቴ በመጣች ቁጥር ከወንበሯ ሳትነሳ ጥግ ጥጉን በዓይኗ የምትጠርግ ሴት ናት። ያንን ሳፋ አይታ ለዘመድ አዝማድ ስታወራ ታየኝ። ስለዚህ የፎቶውን የላይኛውን ሲሶ ቆረጥኩት። ፎቶ መቁረጥ የዕለት ሥራዬ ነው፤ የሰው ሁለት ጆሮ እኩል እንዲወጣ ስቆርጥ ነው የምውለው። ከቆረጥኩት በኋላ የቀረው ንጹሕ፣ ቀለም የተቀባ፣ ምንም የማይጎድለው ግድግዳ ነበር። ለጠፍኩት።

ተጠርጣሪው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልሷል። የጻፈውም፦ «በፎቶው ላይ እንደማየው ይህ መከፋፈያ ግድግዳ ነው፤ የተሸከመው ነገር የለም። ከላይ ጀምራችሁ ረድፍ በረድፍ አውርዱት። አትፍሩ።» የሚል ነው። «በፎቶው ላይ እንደማየው» የሚለውን ሳነብ ቅር ብሎኛል። «ጣሪያው ግን» ብዬ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። ያን ጊዜ የባለቤቴ እህት ከሥሩ ገብታ ወንድሟን ማወደስ ጀምራ ነበር። እኔ «እጅዎን ይባርከው» ብዬ ጽፌ ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁት። ባለቤቴ መልሱን እንጂ ፎቶውን አላስተዋለውም።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ባለቤቴ በርጩማ ላይ ቆሞ በመዶሻና በመሮ ማፍረስ ጀመረ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። አማቴ በወንበራቸው መተላለፊያው ላይ ሆነው አፉን በጨርቅ እንዲሸፍን ይነግሩታል፣ እሱም እሺ እማዬ ይላል። ሦስተኛው ረድፍ ጡብ እንደወረደ ከላይ የመሰንጠቅ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ቤቱ ሁሉ አቧራ ሆነ። አማቴ በስሜ ተጣሩ። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ ስሜን ሲጠሩ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ሌላ ጊዜ «አንቺ» ነኝ። ስደርስ አግዳሚው ከነቆርቆሮው ወርዶ በባለቤቴ ቀኝ እግር ላይ ተኝቷል። ጎረቤቶች ለስድስት ሆነው አነሱለት። እግሩ በማግስቱ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ፍሬን የሚረግጥበት እግሩ ነው።

በዚያው ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ፖሊስ ሆስፒታል መጣ። የባለቤቴ እህት ስልኳን አውጥታ የተጠርጣሪውን መልስ አሳየች። መርማሪው ወደ እኔ ዞሮ ያነሳሁት ፎቶ ይኸው መሆኑን ጠየቀኝ። አዎ፣ ይኸው ነው አልኩ። ዋሽቻለሁ የምለው ይህንን ነው። አማቴ እያለቀሱ «በእኔ ጦስ ልጄ ተጎዳ» ብለው ራሳቸውን ይወቅሱ ነበር። የሚጠየቅ ሌላ ሰው ሲገኝ ግን ልቅሷቸው ወደ ቁጣ ተለወጠ፤ እኔንም ቀለል አለኝ። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ተጠርጣሪው ማክሰኞ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ውስጥ የተጻፈውን አንብቤያለሁ። ለዓመታት በነጻ ሲያስተምራቸው ሲያመሰግኑት የኖሩ ሰዎች ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ይታሰር ብለው ጽፈዋል። አንዱማ የጓዳውን መብራት በእሱ ምክር የዘረጋ ሰው ነው። መብራቱ እስካሁን ይሠራል።

ባለፈው ዓርብ የባለቤቴን የሕክምና ማስረጃ ላስረክብ እዚህ ጣቢያ መጥቼ ነበር። ተጠርጣሪውን ለጊዜ ቀጠሮ ወደ ፍርድ ቤት ሊወስዱት ሲያወጡት ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። በሐሳቤ የነበረው ጡንቻው ያበጠ፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። ያየኋቸው ግን በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ የመነጽራቸው እጀታ በክር የታሰረ፣ የሹራባቸው ቁልፍ የተዛነፈ ሽማግሌ ናቸው። የትምህርት ቤት የጥገና ሠራተኛ ሆነው ጡረታ እንደወጡ ያጀባቸው ፖሊስ ነገረኝ። ማን መሆኔን ሲያውቁ መጀመሪያ የጠየቁኝ የባለቤቴን እግር ነው። መቆረጡን ነገርኳቸው። ግድግዳውን ተደግፈው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ስልኬን እስኪወስዱብኝ ድረስ ያንን ፎቶ ሁለት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። አጉልቼ፣ ገልብጬ አይቼዋለሁ። የቱ ጋ እንደሳትኩ ላገኘው አልቻልኩም።»

የሕክምና ማስረጃውን አስረክቤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በዚያ ቀን የሦስት ሰው ጉርድ ፎቶ አበላሽቻለሁ።

ይህን የምናገረው ተጠርጣሪውን ከነገሩ ነጻ ለማውጣት እንደሆነ ዋና ሳጅኑ ጠይቆኛል። አይደለም። እሳቸው ቤቴን ሳያዩ፣ ከላይ ምን አለ ብለው አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ፣ አትፍሩ ብለዋል። ለዚህች ቃላቸው ሕግ የሚለው ካለ ይበላቸው። የእኔን ግን አይሸከሙልኝም። ያልተቆረጠው ፎቶ ከነተነሳበት ሰዓቱ በስልኬ ላይ ስላለ ስልኬን ለምርመራ ክፍሉ አስረክቤያለሁ።

ባለቤቴ ይህን ያውቅ እንደሆነም ተጠይቄያለሁ። ያውቃል። ትናንት እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ እናቱና እህቱ ጠይቀውት ከወጡ በኋላ፣ ከአልጋው ጎን ተቀምጬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ፎቶውንም አሳይቼዋለሁ። ሳፋውን ሲያይ ያንጠለጠለው እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ ብሎት መሰለኝ፣ ፈገግ ሊል ሲል አየሁት። ከዚያ ፊቱን አዞረ። ፖሊስ ጣቢያ እንደምሄድ ስነግረው ቃልሽን እንዳትነኪ አለኝ። ለምን ስለው፦ «ሰውዬውን አላውቀውም። የማያውቁትን ሰው መጥላት አይከብድም፤ አሥራ አምስት ቀን ያቆመኝ እሱን መጥላቴ ነው። አሁን ማንን ልጥላ ነው የምትይኝ?» አለኝ።

ከዚህ ስወጣ ወደ እሱ ስለምሄድ፣ የጥያቄውን መልስ ይዤለት እንድገባ የዚህ ቃል አንድ ግልባጭ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። የተናገርኩት ነገሩ እንደሆነው ነው፤ በፊተኛው ቃሌ ይህን የሚቃረን ቢኖር ያኛው ሐሰት፣ ይኸኛው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልለመነኝም።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው ዋና ሳጅን ፊርማ ____________

ማስታወሻ፦ ግልባጩ ለምስክሯ ተሰጥቷል። ከቀኑ 5፡15።