በሃያ አራት ሰዓት የሚጠፋ ቃል

— ሄሎ?... ሄሎ፣ አቤት... ማን ልበል?... እትዬ በለጥሽ! አንቺ ነሽ እንዴ? ቁጥሩ አዲስ ሆነብኝ እኮ... የጎረቤት ስልክ ነው? እሺ፣ እሺ። ትሰሚኛለሽ?

— ማስክ አድርጌ ነው ድምፄ የታፈነብሽ። ቆይ ላውርደው... አሁንስ?... ተመስገን። ሱቅ ነኝ፣ አሌክሳንድራ ሰፈር። ያው የሰው ስልክ እየፈታሁ ነው። እዚህ በኮሮናው ሰው መሞቱ ቀነስ ብሏል፤ ቸርቹንም ለሃምሳ ሰው ከፍተውልናል። ግን ሰው ሲቆጠር... ተይው። አንቺስ? ፅናትስ ደህና ናት?

— ማን ወሰዳት?... ሽጉጤ? የጋሼ ዓብዩ ወንድም ሽጉጤ?... ለጥየቃ ነው ወይስ... እንዴት ለሁልጊዜ! እናቷ አንቺ አለሽ አይደል እንዴ! መቼ ነው የወሰዳት?... ሐሙስ። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልደወልሽልኝም?

— እሺ፣ አታልቅሺ። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ... እ... እ... «የሟች ወንድሜ የዓብዩ ቃል ነው» አለ?... የቱ ቃል?

— አለሁ፣ አለሁ። ሰምቼሻለሁ።

— ፊርዶስ፣ እስኪ ያቺን ማማ ተቀበይልኝ። ስክሪኗ ነገ ነው የሚደርሰው በያት... ሶሪ ማማ፣ ቱሞሮ፣ ኦኬ? ቱሞሮ... ይቅርታ እትዬ። ወደ ውስጥ ልግባ፣ እዚህ ጫጫታ ነው።

— እሺ ቀጥዪ። ሽማግሌ የሚቀመጠው መቼ ነው?... ዛሬ? አሁን እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው?... አንቺ ጓሮ ወጥተሽ ነው የምታወሪኝ። ገባኝ።

— ቪዲዮውን?... ልኬላችሁ እነሱም እንዲያዩት፣ አንቺም እንድታዪው። እ... አዎ፣ የስልክ ሰው ነኝ። አዎ፣ የጠፋ ፎቶ ለስንቱ አውጥቻለሁ። ማን ነው እንደዛ ያለሽ?... ኤርጎጌ? እህቴ ስለ እኔ ማጋነን ትወዳለች። እትዬ... ቪዲዮው የለም።

— የለም ማለት የለም። ኧረ ደብቄሽ አይደለም! ስሚኝ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ። እስከ ዛሬ በትክክል አልነገርኩሽም። አፍሬ ነው። ካርዱ እስኪያልቅ አትዝጊው፣ ካለቀም መልሼ እደውላለሁ።

— ጋሼን ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ታውቂያለሽ። እኔን ከድንበር ተቀብሎ፣ ከሱቁ ጀርባ ፍራሽ ዘርግቶ ዓመት ያኖረኝ ሰው ነው፤ እኔ ካላደረስኩት ማን ያደርሰዋል? ከበር መለሱኝ። ጠያቂ አይገባም ነበር። ስልኩንና ቻርጀሩን በፌስታል አድርጌ ለነርሷ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ጻፈልኝ፤ «በለጥሽ አትገኝም» አለ። ያኔ አገር ቤት ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ሐምሌ መጀመሪያ አይደል?... አዎ፣ ያ ጊዜ። በመደበኛ ስልክ ላገናኝህ ስለው እምቢ አለ። «ሦስት ቃል ሳልናገር ሳሉ ይይዘኛል፤ ስታለቅስ ልሰማት አልችልም። ትንሽ ትንሽ እያልኩ በቪዲዮ ልቅዳላትና ገጼ ላይ ላስቀምጠው፤ ሲከፈትላት ታየዋለች» አለኝ።

— ላንቺ ነው እንጂ! ለሌላ ለማን ይቀዳል?

— ታዲያ የት ሄደ? እሱን ነው የምነግርሽ። ድሮ ፎቶም ቪዲዮም ስታስገቢ ገጽሽ ላይ ይቀመጣል። ፅናት አንድ ዓመት ሲሞላት፣ ከአገር ሊወጣ ሰሞን የለጠፈው ፎቶ እስካሁን አለ አይደል? ስምንት ዓመቱ። እንደዚያ ነበር። ኋላ ግን አፑ ሁሉ አንድ ፋሽን ያዘ። አንዱ ያመጣውን ሌላው ይቀዳል፤ ሌላው የቀዳውን ሦስተኛው... ከላይ ክብ ክብ ሆኖ የተደረደረ የሰው ፊት አይተሻል? ዙሪያው ቀለም ያለው?... እሱ፣ እሱ። ስቶሪ ይሉታል። እዚያ ውስጥ ያስገባሽው ነገር በሃያ አራት ሰዓት ይጠፋል።

— በራሱ ነዋ። ማንም ሳይነካው... ለምን እንደዚያ አድርገው ይሠሩታል? ሰው ቶሎ ቶሎ እንዲመለስ ነው። ይጠፋብሃል ያሉትን ነገር ሰው ሮጦ ያየዋል።

— ጋሼ ከየት ያውቃል! ከጠዋት እስከ ማታ ከሱቁ ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና የስልክ ካርድ ሲሸጥ የሚውል ሰው! እኔ ነኝ ያስተማርኩት። የአገራችን የዱራሜ ልጅ ሁሉ እዚህ ገጽ የከፈተው በእኔ እጅ ነው፤ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ቸርች በር ላይ ቆሜ አሳያለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው ክሪስማስ ጋሼ «የልጄን ፎቶ ለጥፌ የሚያየኝ ሰው ጠፋ» ብሎ ሲያዝን፣ «እሱ ፋሽኑ አልፏል ጋሼ፣ አሁን ሰው የሚያየው ክቡን ነው» አልኩት። ጣቱን ይዤ አሳየሁት። ይጠፋል ማለቴን ግን... አላስታውስም። እንዳልነገርኩት ነው የሚሰማኝ።

— ገና ነኝ፣ አልጨረስኩም... አዎ፣ ትክክል ነሽ፣ ቅጂ የሚያስቀር ነገር አለው። እሱንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስልኩ «ሞላሁ፣ ሞላሁ» እያለ ሲያስቸግረው፣ ቅጂ የሚያስቀምጠውን ዘጋሁለት። በገዛ እጄ። ሆስፒታሉ ዕቃውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የከፈትኩት እሱን ነው። የለም። ስልኩን ፈታሁት። ሳንድተን የሚባል ሰፈር የጠፋ ነገር የሚያወጣ ሰውዬ ጋ ወሰድኩት፤ «አይሆንም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ለኩባንያው ጻፍኩ። የመለሰልኝ ሰው አይመስለኝም፤ «ስለጻፉልን እናመሰግናለን» ይልና ከሥሩ የአውራ ጣት ሥዕል አለ፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች፤ «መልሳችን ጠቅሞዎታል?» ይላል። አራት ጊዜ ጻፍኩ፤ አራት ጊዜ ያው ጣት።

— እኔ? አዎ... እኔ አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ።

— እትዬ በለጥሽ፣ አሁን የምልሽን ሰምተሽ አትዝጊብኝ፣ በሞቴ። ድምፁን አልሰማሁም።

— ሲከፈት ድምፁ ዝግ ነው። ይሄም ፋሽን ነው፤ ሰው ታክሲ ውስጥ ሲያይ እንዳይሳቀቅ ብለው ነው... ድምፁን ራስሽ ነሽ የምትከፍቺው። ሱቁ ሰው ሞልቶ ነበር፤ እጄ ላይ የሰው ስልክ ተፈትቷል፣ ጣቴ ሙጫ ነው። የኔን ስልክ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነው ያየሁት። ደግሞ ቪዲዮውን ይቆራርጠዋል፤ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሰከንድ። ሰባት ቁራጭ ነበር። እጄን ጠርጌ ድምፁን ልከፍት ስል አለቀ። ወዲያው አንዲት ጫማ የምትሸጥ ሴት በጋሼ ቦታ መጣች፤ አይጠብቅም፣ የሚቀጥለውን ሰው ያመጣል። «ሥራ ስጨርስ ረጋ ብዬ እሰማዋለሁ» አልኩ። ሃያ አራት ሰዓት አለኝ ብዬ እኮ ነው! ከዚያ ከሆስፒታል ተደወለ።

— ከዚያማ ታውቂዋለሽ። ወረቀቱ፣ ሬሳ ማውጣቱ፣ የመቃብሩ ነገር። ሰው እንዳንሰበሰብ ፖሊስ ቆሞብን። ገጹን መልሼ የከፈትኩት በማግስቱ ከቀብር ስመለስ ነው። ክቡ የለም።

— ታዲያ «ፅናትን ለወንድሜ አደራ» ያለውን ከየት ሰማሁት? አልሰማሁትም እትዬ። ይበል አይበል አላውቅም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

— ልንገርሽ። መርዶውን ልነግር ስደውል ስልኩን ያነሳው ሽጉጤ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሰው ሲሰበሰብ ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ለቀቀው። «ወንድሜ ስሜን ሳይጠራ ሞተ» እያለ ሲጮህ ሰማሁት፤ ራሱን ከግድግዳ ጋር ይመታል፣ ያዙት ያዙት ይላሉ። አንጀቴ አልቻለም። «አይ ጠርቶሃል፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ በቪዲዮ ‹ፅናትን ለወንድሜ አደራ› ብሏል» አልኩት። ወዲያው በረደ። ደግ የሠራሁ ነው የመሰለኝ። በዚህ ሰበብ ልጅ ይወስዳል ብዬ በምን ላስበው?... ቤቱንም? ለልጅቷ እጠብቃለሁ ብሎ?... ወይ እኔ።

— ስደቢኝ። ይገባኛል።

— እናገራለሁ! አሁኑኑ። ግቢና ስልኩን ስጫቸው። ማን ነው ሽምግልናውን የያዘው?... አቶ ደመቀ። ይሁን። ድምፁን ልቀቂው፣ ሽጉጤም ይስማ።

— ሄሎ... አባባ ደመቀ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጌዴዎን ነኝ፣ ከጆሃንስበርግ። ይሰማዎታል?... ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባባ፣ አንድ ነገር ላርም ነው። ሐምሌ ላይ የዓብዩ ቃል ነው ብዬ የተናገርኩት ውሸት ነው... ውሸት። አልሰማሁም። ቪዲዮውን ያየሁት ያለ ድምፅ ነው... እንዴት ያለ ድምፅ? አሠራሩ... ሲከፈት ድምፁ ዝግ ነው... አይደለም፣ ስልኬ አልተበላሸም። ደህና ስልክ ነው።

— አሁንማ የለም፣ ጠፍቷል። በአንድ ቀን ነው የሚጠፋው... ማንም አላጠፋውም፣ በራሱ ነው... አዎ አባባ፣ ሰው ነው የሠራው። እንዲጠፋ አድርጎ ነው የሠራው... ልክ ነዎት፣ ለእኔም ስናገረው ተረት ይመስላል።

— አልመከረችኝም! እትዬ በለጥሽ ምንም አላለችኝም፣ ራሷም አሁን ነው የሰማችው... ማነው? ሽጉጤ፣ አንተ ነህ? ወንድሜ፣ አንተን ላጽናና ብዬ ነው እኮ! ስታለቅስ ሰምቼ... ምን አልክ? ከእሷ ጋር ምን አለኝ? ... ሽጉጤ፣ ይህን በአፍህ አትድገመው። ሰው በሞተበት ቤት እንዲህ አይባልም!

— አባባ ደመቀ፣ እባክዎ... መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ እምላለሁ። ፓስተሩ ፊት ቆሜ... አዎ። ያኔም የእግዚአብሔርን ስም ጠርቻለሁ። ጠርቻለሁ... «የትኛውን እንመን?» ቢሉኝ አይፈረድብዎትም። ሁለት ምላስ ያበጀሁት እኔው ነኝ። ግን አባባ፣ ቃል ኖረም አልኖረም እናት ናት እኮ!

— ወስናችኋል?... «ለቀስተኛ የሰማውን የሙት ቃል ሕያው አያፈርሰውም»... እሱ እኮ አላለም ነው የምልዎት! ሙቱ አላለም! ሄሎ? አባባ?... ይሰማዎታል?

— እትዬ... ወጣሽ? ምን ብለው ጨረሱ?... በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ታያታለሽ። በሁለት ሳምንት?... ፍርድ ቤት ሂጂ። ሕጉ ከእናት ጋር ነው፣ እኔ በጽሑፍ እመሰክራለሁ... አዎ። ሽማግሌ ረግጠሽ ወጥተሽ እዚያ ሰፈር እንዴት ትኖሪያለሽ፤ እሱም አለ። ውኃ የምትቀጂው ከእነሱ ጋር ነው።

— መምጣት?... እንዴት ልምጣ እትዬ፤ ወረቀቴ አልፎበታል። የስደተኛ ቢሮው ከመጋቢት ጀምሮ ዝግ ነው። ከወጣሁ መመለስ የለም... አውቃለሁ። ጋሼ ለእኔ ቢሆን ይመጣ ነበር። አውቃለሁ።

— ፊርዶስ፣ አሁን አይደለም፣ እባክሽ። በኋላ ይመለሱ በያቸው።

— ምን አልሽ?... ያየሁትን ልንገርሽ? ድምፅ የሌለው ነገር ምን ይጠቅምሻል... እሺ። እሺ። ያየሁትን ብቻ፤ አንድ ቃል አልጨምርም።

— አፍንጫው ላይ ኦክስጅን አለ። ጺሙ አድጓል፣ ነጭ ጣል ጣል አድርጎበታል። ብርድ ልብሱ ሰማያዊ ነው። መጀመሪያ ስልኩን አስተካክሎ ፈገግ አለ... አይ፣ የበሽተኛ አልነበረም፣ የራሱ ፈገግታ ነው። ሁለተኛው ላይ ይናገራል፣ ብዙ ይናገራል። ሦስተኛው ላይ ሳሉ መጣና ስልኩ ወደ ላይ ዞረ፤ እስኪያልቅ ጣሪያ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቀና ጎንበስ እያልኩ ነበር፣ እየሠራሁ... አንዱ ላይ በጣቱ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ምን እንደሆነ አላውቅም... አንቺም አታውቂም። አንዱ ላይ ዝም ብሎ ያያል። የመጨረሻውን... የመጨረሻውን አላየሁትም። ያኔ ነው እጄን የጠረግሁት።

— ስምሽን? አላውቅም እትዬ። ጠራሽ ብልሽ ደስ ይለኛል፤ ግን አሁን ጠራሽ ብልሽ ታምኚኛለሽ?... አየሽ።

— እሺ። ከዛሬ በኋላ አልደውልም... ገብቶኛል፣ ሽጉጤ ያንን ከተናገረ ስሜ ስልክሽ ላይ መገኘት የለበትም። በኤርጎጌ በኩልም አልልክም። እሺ... እሺ እትዬ።

— ይቅር በይኝ አልልሽም። ለሱ አፍ የለኝም። ብቻ ፅናት አድጋ አባቴ ምን አለ ብትልሽ... ሄሎ? እትዬ?... በለጥሽ?... ሄሎ...