ዳስ ውስጥ ያገኘሁት ማዕረግ

እኔ መቶ አለቃ የሆንሁት ዳባት፣ ሰርግ ላይ ነው። ደባርቅ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ዳሱ ውስጥ ከካህናቱ ጎን ደረቱን በሜዳሊያ የሞላ ጎልማሳ ተቀምጧል። «ኮሎኔል ናቸው፤ ያልዋሉበት ጦር ሜዳ የለም» አለኝ አጠገቤ የነበረው ገበሬ። አተኩሬ ሳይ ግን ከሜዳሊያዎቹ አንዷ እኛ ትምህርት ቤት በሩጫ ላሸነፉ ተማሪዎች የምንሸልማት ናት። ላጋልጠው ቆረጥሁ። ብድግ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ፣ «ኮሎኔል፣ ረሱኝ እንዴ? እርስዎ ሥር ነበርሁ እኮ» አልሁ። እኔ እንኳን ልዘምት ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም፤ የክፍለ ጦሩን ስም ጠይቄው ሲንተባተብ ልስቅ ነበር ሐሳቤ።

ሰውዬው አንድ አፍታ አየኝ። ከዚያ ተነሥቶ መጣና አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። «ቆስዬ ስወድቅ ተሸክሞ ያወጣኝ ይሄ ሰው ነው» አለ ወደ ሰርገኛው ዞሮ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ቄስ ጠጋ ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ፤ ቁርጡ ከነቢላዋው ፊቴ ቀረበ። ውሸት ነው እንዳልል ውሸቱን የጀመርሁት እኔው ነኝ። ኮሎኔሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «መቶ አለቃ አድርጌሃለሁ፤ ዝም ብለህ ብላ» አለኝ። በላሁ።

ማዕረጌን ለሰርገኛውም ነግሮ ኖሮ ወሬው ቀድሞኝ ደባርቅ ገባ፤ ይኸው ዛሬ ባለባጃጆቹ «መቶ አለቃ፣ ወዴት ላድርስዎት?» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን «አስተማሪ ነኝ» እል ነበር። አሁን የምሄድበትን ብቻ ነው የምነግራቸው።