ዶን ኤለውቴሪዮ ፍራሹን የመለሱበት ቀን

በቺሊዋ ቫልፓራይሶ ከተማ፣ ወደ ኮረብታችን በሚያወጣው የመንገድ ደረጃ ላይ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ፍራሽ የሚጎትቱ ሽማግሌ አጋጠሙኝ። ጎረቤቴ ዶን ኤለውቴሪዮ ናቸው። እኔ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና አይቶ ማለፍ አልችልበትም።

«ምነው ዶን፣ ምን ጉድ ነው?»

«የግሪሴልዳ ፍራሽ ነው። ደረጃው ላይ ትተኛ!»

ግሪሴልዳ ተከራያቸው ናት፤ ዓሣ ሻጭ። ባለፈው ወር ጣሪያው ሲያፈስ «ግቡና አሠሩት» ብላ ወደ ገበያ ሄደች፤ እሳቸውም ጣሪያ ሠሪውን ባልዶሜሮን ይዘው ገቡ። በኋላ እንጨቱ በስብሷልና ክፍሉን ልቀቂ ሲሏት፣ «በሌለሁበት በድብቅ እየገባ የውስጥ ልብሴን ያገላብጣል» ብላ ከሰሰቻቸው። ሚስቱን በቀበረ ሽማግሌ ላይ! ሰፈሩ ሰላምታ ነሣቸው። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ነገ ነው፤ እሳቸው ግን ሞቼ ካልሆነ አልሄድም ብለዋል።

የእህታቸው ልጅ ሚሬያ፣ ሕግ የምትማረው፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ደረሰችና የፍራሹን ጫፍ ያዘች።

«አጎቴ፣ ይጣሉት! ይጣሉትና ውሸቷን እውነት ያድርጉላት!»

«ልቀቂ አንቺ! ጨዋ ሰው ፍርድ ቤት አይቆምም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንቡማ ስምዎ ላይ ሰፍሯል። ነገ እርስዎ ከቀሩ ዳኛው የሚሰማው እሷን ብቻ ነው። ምን ብሎ ይፍረድልዎ?»

«አርባ ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ። ስሜ ይመስክር!»

«ስም አፍ የለውም፤ ባልዶሜሮ ግን አለው። እንደምትገቡ በጽሑፍ አስታውቀዋት ነበር?»

«ለምን ብዬ? ግቡ አለች፣ ገባን። በእኛ ጊዜ ቃል ይበቃ ነበር።»

«ቃል የሚበቃው ሁለቱም ሲያከብሩት ነው።»

ሽማግሌው እርጥቡ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«ምን በደልኳት?» አሉ።

«ምንም። የምትገባበት ስለሌላት ፈርታ ነው የዋሸችው» አለች ሚሬያ። «ውሸቱ ውሸት ነው፤ እርስዎ ግን ብድር አይመልሱ። ነገ ስድብ የለም። የሆነውን ብቻ፣ እንደሆነው ይናገሩ።»

«ልጅቷ ልክ ናት ዶን» አልኩ እኔም። «ስለ እርስዎ እሷ ብቻ ታውራ?»

ዓይናቸውን ጠርገው ተነሡ። በመጨረሻ «በዚያ በኩል ያዙ» አሉን፤ ፍራሹን ለሦስት መልሰን አስገባን።

በማግስቱ ባልዶሜሮ መሰከረ። ግሪሴልዳ ስትጠየቅ በድብቅ ገቡ ያለችበትን ቀን ሦስት ጊዜ ለዋወጠች። ክሱ ተዘጋ፤ ክፍሉንም እንድትለቅ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ የኮረብታው አከራይ ሁሉ ምክር ሲጠይቃቸው እንዲህ ይላሉ፦ «ከመግባትህ በፊት ጽፈህ አስታውቅ፣ አስፈርም። ብቻህን አትግባ። ብትከሰስ አትሳደብ፣ ዕቃ አትንካ፣ ከቀጠሮ አትቅር። እኔ ሳልጽፍ ገባሁ፤ ቤቴን ያተረፍኩት ከቀጠሮ ባለመቅረቴ ነው።»

ቤታቸውን አዎ፤ የሰፈሩን እምነት ግን አላተረፉም። ከመጀመሪያው ጽፈው ቢሆን ኖሮ ክሱም ባልተወለደ! ዳቦ ሻጯ ውሳኔውን አንብባ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለቻቸው፤ በዚያው አፏ ልጇን «ነይ፣ ወደ ውስጥ ግቢ» ብላ ተጣራች።

ትናንት ጠዋት ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«አይወርዱም እንዴ ዶን?»

«ሴት ተማሪዎቹ ይለፉ» አሉኝ። «እኔን ሲያዩ ይሮጣሉ፤ ደረጃው ደግሞ ያንሸራትታል።»

የመጨረሻዋ ልጅ እስክትርቅ ጠብቀው መውረድ ጀመሩ።