ሕግ የማይገባበት ጓዳ

ወይዘሮ አስካለማርያም ያን ቅዳሜ ጧት በባጃጅ የጫኑትን ድስትና ብርጭቆ አዳራሹ በር ላይ ሲያስወርዱ ዝናቡ ድንገት ወረደባቸው። ሠራተኞቻቸው ገና አልደረሱም። ሾፌሩ ዕቃውን ጭቃ ላይ አስቀምጦ ሊሄድ ሲል፣ በሩ ጥግ ተጠልላ የነበረች አንዲት ቀጭን ልጅ ሮጣ መጣችና የብርጭቆውን ካርቶን ብድግ አደረገች።

«እርስዎ ይግቡ እትዬ፤ ይህን ለእኔ ይተዉልኝ።»

«ተባረኪ ልጄ! እግዜር ነው የላከሽ።»

ዕለቱ የሕግ ተማሪዎች የጽሑፍ ውድድር ውጤት የሚነገርበትና ስለ አድልዎ ሲምፖዚየም የሚካሄድበት ነበር። ከዋጫ፣ ከቢታ ገነትና ከሌሎችም ወረዳዎች እንግዶች ወደ ቦንጋ ተጠርተዋል። ወይዘሮ አስካለማርያም ሃያ ዓመት ምግብ ቤት ያስተዳደሩ፣ እጃቸው የተመሰገነ ሴት በመሆናቸው የምሳው መስተንግዶ ለእሳቸው ተሰጥቷል። «አድልዎ» የሚለውን ቃል በደብዳቤው ላይ አይተውት ነበር፤ ግን የመሥሪያ ቤት ሰዎች ጉዳይ ነው ብለው አልፈውታል።

ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጓዳ ልጅቷ ማንም ሳያዛት እጅጌዋን ሰብስባ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። ስሟ ትሁት መሆኑን፣ የሕግ የአራተኛ ዓመት ተማሪ መሆኗን፣ ለውድድሩም ጽሑፍ ማስገባቷን አጫወተቻቸው። አስተጣጠቧ ደስ አላቸው፤ በፈላ ውሃና በሳሙና፣ ከዚያ ደግሞ በንጹሕ ውሃ ታለቀልቃለች። «አንቺን የወለደች እናት ታድላለች» አሏትና፣ ከአገሩ ሽማግሌና አሮጊት አፍ የማይጠፋውን ጥያቄ አስከተሉ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ትሁት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። «አባቴን ከሆነ፣ ከዋጫ እየመጡ ነው፤ ሲደርሱ አስተዋውቅዎታለሁ። ዘሬን ከሆነ፣ ማንጆ ነኝ እትዬ።»

ወይዘሮ አስካለማርያም ብርጭቆ የሚወለውሉበትን ፎጣ አስቀመጡ። ማንጆ በካፋ ምድር ጥንት በአደን ይኖር የነበረ፣ ዛሬ የሚያርስ፣ ማገዶና ከሰል ገበያ አውጥቶ የሚሸጥ ሕዝብ ነው። ቋንቋው የጎረቤቱ ቋንቋ፣ ዝናቡም የጎረቤቱ ዝናብ ነው። የተለየው ማዕዱ ብቻ ነው፤ የለየውም እሱ አይደለም።

«እንግዲህ ይበቃሻል ልጄ። ሂጂና አረፍ በይ» አሉ ወይዘሮዋ፤ ልጅቷ ገና ከበሩ ሳትወጣም ያጠበቻቸውን ብርጭቆዎች መልሰው ገንዳው ውስጥ መክተት ጀመሩ። ቀና ሲሉ ትሁት ቆማ ታያቸዋለች።

«ቆሽሸው ነው እትዬ?»

«አልቆሸሹም። ግን እንግዳው ብዙ ነው፤ ሽማግሌም አለበት። ነገ ቢሰማ ማን ምግብ ቤቴ ይገባል? እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ከአባቶቻችን የተቀበልነው ወግ ነው። የእናንተ ሰዎች በደጄ ሲያልፉ ውሃ ከልክዬ አላውቅም።»

«በምን ይሰጧቸዋል?»

ወይዘሮዋ ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ።

«በምን እትዬ?»

«መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ እኔ ከላይ አፈስላቸዋለሁ።»

«ግቢዎን የሚጠብቀው ውሻ ግን የራሱ ጣሳ አለው።»

ቃሉ እንደ ጥፊ አረፈባቸው። «አፍሽን ሰብስቢ! ሰው ዝም ብሎ ነው የተጸየፋችሁ? አያቶችሽ ጉሬዛና ከርከሮ ይበሉ አልነበር?»

«ይበሉ ነበር። ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን ይስሙኝ። አያቴን ‹ይህን ተዉና ተጠመቁ፤ ያኔ አብረን እንበላለን› አሏቸው። አያቴ ተዉ፤ ተጠመቁም። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ ግንዱን በትከሻቸው ተሸክመዋል። ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ እሳቸውም ሲጠብቁ ሞቱ። አያቴ ጉሬዛውን ተዉ፤ ሰዉ ግን አያቴን መጸየፉን አልተወም። ምክንያቱ ጉሬዛው ቢሆን ኖሮ ከጉሬዛው ጋር አይቀርም ነበር?»

«እሱን... እሱን እኔ አላውቅም።»

«ይህን ወጥ ያበሰለውን ከሰልስ ከማን ገዙት?»

ከማን እንደገዙት ያውቃሉ። በየሳምንቱ ከአልጣሽ ነው የሚገዙት፤ አልጣሽም ማንጆ ናት። ጆንያውን አጥሩ ጋ አውርዳ ትመለሳለች እንጂ ደፉን አልፋ አታውቅም።

«ከሰል እሳት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እሳት ያነጻል።»

«የፈላ ውሃስ አያነጻም? የእኛ ጉልበት ቤትዎ ይገባል፣ ማራችን ይገባል፣ ከሰላችን ይገባል። የማንገባው እኛ ብቻ ነን። ይህ ንጽሕና ከሆነ፣ አድልዎ ምን ሊባል ነው?»

ሰው የገዛ ልማዱን እንደ አፉ ሽታ አያውቀውም፤ ሌላ ሲነግረው ይቆጣል። ወይዘሮ አስካለማርያምም ተቆጥተው ጀርባቸውን ሰጧት፤ ትሁትም እንባዋን ውጣ ወደ አዳራሹ ገባች። ወይዘሮዋ ብርጭቆዎቹን ሁሉንም ደግመው አጠቧቸው። አንዱም ከበፊቱ የበለጠ አልጠራም።

ስብሰባው ሲጀመር ድምፁ በግድግዳው አልፎ ጓዳ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ የተናገሩት የዝግጅቱ አስተባባሪ አቶ ሙሉብርሃን ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ ሁሉም ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ናቸው እንደሚል፣ ከአንቀጽ ሃያ አምስት እየጠቀሱ አሳምረው ተናገሩ። ቀጥሎ አንደኛ የወጣው ጽሑፍ ርዕስ ተነበበ፤ «ሕግ የማይገባበት ጓዳ»። ጸሐፊዋ ትሁት ነበረች። ወይዘሮ አስካለማርያም ጭልፋውን አስቀምጠው ወደ በሩ ተጠጉ።

«በእምነት የምትባል እህቴ ትምህርት ያቋረጠችው ከሦስተኛ ክፍል ነው» ብላ አነበበች ትሁት። «ሰነፍ አልነበረችም። መምህሩም አልመታትም። በትምህርት ቤቱ በር የውሃ ማሰሮ ነበር፤ ከአጠገቡ አንድ ጣሳ። አንድ ቀን በእምነት ጠምቷት በጣሳው ጠጣች። በማግስቱ ልጆቹ ጣሳውን በድንጋይ ጨፍልቀው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠውላት አገኘችው። ያን ቀን የወጣች አልተመለሰችም። እኔ አራት ዓመት ሕግ ተማርኩ። ለእህቴ ተከሳሽ ፈልጌ ግን አላገኘሁም። ልጆቹን ያስተማሯቸው እናቶቻቸው ናቸው፤ እናቶቻቸውን ያስተማራቸው ጓዳው ነው። ፖሊስ ጓዳ ገብቶ ብርጭቆ አይቆጥርም። ስለዚህ አቤቱታዬ ለፍርድ ቤት አይደለም፤ በየቤቱ ብርጭቆ ለምታጥበው እጅ ነው።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ወይዘሮ አስካለማርያም እርጥብ እጃቸውን አዩ፤ ከሽርጣቸው ስር ደበቁት።

ምሳ ሊቀርብ ሲል አቶ ሙሉብርሃን ፈገግ እያሉ ጓዳ ገቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አሉ። «የተሸላሚዋ አባት መጥተዋል። ለእሳቸውና ለልጅቷ በሚጣል ሳህን፣ በፕላስቲክ ብርጭቆ ያድርጉልን። በሩ ጋ ጠረጴዛ አዘጋጅተናል። በበኩሌ ምንም ችግር የለብኝም፤ ሽማግሌዎቹ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው።»

ወይዘሮ አስካለማርያም ወደ ሰውየው ዞሩ። የሰሙት የራሳቸውን ቃል ነው፤ ጧት ከእሳቸው አፍ የወጣውን ሰበብ፣ አሁን ሱፍ ከለበሰ ሰው አፍ። ከራሳቸው አፍ ሲወጣ ወግ ይመስል ነበር፤ ከአቶ ሙሉብርሃን ሲሰሙት ግን ከረፋቸው።

«አቶ ሙሉብርሃን፣ ቅድም በማይክሮፎን ያሉት ምን ነበር?»

«እሱማ መርሕ ነው እትዬ። ኅብረተሰቡ ደግሞ ቀስ በቀስ ነው የሚለወጠው።»

«ቀስ በቀስ! የልጅቷ አያት ቀስ በቀስ ሲጠብቁ ሞቱ። እኔ ፊደል በወጉ ያልቆጠርኩ ነኝ፤ ባጠፋ ‹አላወቀችም› ይሉኛል። እርስዎን ምን ይበሉዎት? ልጅቷን ስለ ተናቀችበት ጻፊ ብላችሁ ሸልማችሁ፣ ምሳዋን እየናቃችሁ ልታበሏት ነው? ለጽሑፉ ያጨበጨበው እጅ ነው ፕላስቲኩን የሚያቀብለው?»

«እትዬ፣ ሰው ይሰማናል...»

«ይስማ! እኔም እኮ ጧት እንደ እርስዎ ነበርኩ። ዛሬ በዚህ ጓዳ አንድ ዓይነት ሳህን ነው ያለው። ያልፈለገ ጦሙን ይዋል።»

ቆጮውንና የበጉን ወጥ በትልቁ ትሪ አድርገው፣ በሌላው እጃቸው አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ወደ አዳራሹ ገቡ። የትሁት አባት ከልጃቸው ጋር በሩ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ተቀምጠው ነበር፤ ኮታቸው ንጹሕ፣ ጢማቸው የተላጨ። ወይዘሮዋ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ ውሃውን ይዘው ሲቀርቧቸው ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያም ሳያስቡት ሁለት መዳፋቸውን አገጣጥመው ዘረጉ።

ትሁት ፊቷን አዞረች። ወይዘሮ አስካለማርያም እንደዚያ የተዘረጉ መዳፎች ላይ ስንት ጊዜ ውሃ አፍስሰዋል! እጁን እንጂ ሰውየውን አይተው አያውቁም ነበር።

«በብርጭቆው ይጠጡ፣ ወንድሜ» አሉ በግድ። «ይቀመጡ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፤ ብርጭቆውን ተቀብለው ተጎነጩ። ወይዘሮዋ የተረፈውን ተቀብለው፣ ሁሉ እያየ፣ እስከ ጭላጩ ጨለጡት። ከዚያ ወንበር ስበው ትሪው አጠገብ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ቅድም በድዬሻለሁ። ይቅር ካልሽኝ አብሬያችሁ ልብላ።»

«ብርጭቆዎቹን ለምን ደግመው እንዳጠቡ ለአባቴ አልነግራቸውም ብዬ ነበር» አለች ትሁት። «አሁን ራስዎ ይንገሯቸው።»

ነገሯቸው፤ አንድም ሳያስቀሩ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «እንብላ እንግዲህ፤ ወጡ ይቀዘቅዛል» አሉ። ሁለት እንግዶች ተነሥተው ወጡ። የቀሩት ቁጭ ብለው በሉ።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። በሳምንቱ በእድሩ ስብሰባ ላይ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አፀደ ተነሥተው፣ ከእንግዲህ አስካለማርያም ለለቅሶ ቤት ወጥ እንዳትሠራ ጠየቁ። «እጇ ምን እንደነካ ሰምተናል» አሉ።

«እጄማ ሰው ነካ» አሉ ወይዘሮ አስካለማርያም ተነሥተው። «ምን ጎደለብኝ አፀደ? አመመኝ? ይልቅ ያተረፍኩትን ልንገርሽ። ከሰል የምታመጣልኝ አልጣሽ አሁን ከእኔ ጋር ወጥ ትሠራለች፤ የሦስት ሰው ሥራ ለብቻዋ ትወጣለች። ሃያ ዓመት ደጄ ላይ ቆማ እንዲህ ያለ ሙያ እንዳላት አላወቅሁም፤ ሞኙ ማነው? ትምህርት የተከለከለው የማንጆ ልጅ ሐኪም ሆኖ ሊያክመን፣ ዳኛ ሆኖ ሊፈርድልን ይችል ነበር። እኛ በአንድ ጣሳ አባረርነው! ለለቅሶም ቢሆን፣ ሬሳ የሚሸከም ትከሻ፣ ድንኳን የሚተክል ክንድ ሲበዛልን ነው የሚቀለን። ሰውን ደጅ አቁመን ድሃ የሆንነው እኛ ነን። ደግሞ መጽሐፉም ሕጉም አንድ ነው የሚለው፤ የፈጣሪን ፍጡር እርኩስ የሚል እሱ ራሱን ይመርምር።»

የእድሩ ሰብሳቢ ደንቡን ገልጠው አነበቡ፤ የሚከለክል ቃል አላገኙበትም። ባለሱቋ ሀጂራ፣ «ለእኔ ለቅሶ እሷው ትሥራልኝ» አሉ ከጥግ። ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ።

በወሩ ሰፈሩን ሐዘን ገጠመው። በድንኳኑ ጀርባ ወይዘሮ አስካለማርያምና አልጣሽ ጎን ለጎን ቆመው ወጥ ያወጡ ነበር። ወይዘሮ አፀደ ሰልፉ መጨረሻ ቆመው ቆዩ፤ ተራቸው ሲደርስ ወዲያ ወዲህ ተመለከቱ። ርቧቸዋል። አልጣሽ ሳህናቸውን ተቀብላ ሞላችው። ጥግ ይዘው በሉ። ጥቂት ቆይተው ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ተመለሱና፣ ዓይናቸውን መሬት ተክለው፣ ለአልጣሽ ዘረጉላት።

«ከጎመኑ ጨምሪልኝ፣ እህቴ።»