የረዳት ወንበር

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «መኪና ስትሳፈር ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጥ፤ ሹፌር መጀመሪያ የሚያድነው ራሱን ነው» ይለኝ ነበር። ካናዳ ያለችው ልጄ ሕፃኗን ክርስትና ልታስነሳ ስትጠራኝ፣ ቦሌ ወንበር ለምትመድበው ልጅ ይህንኑ ነገርኳት። «አባባ፣ እዚያ የሚቀመጡት ሀብታሞች ናቸው» አለችኝ። ስግደት የጨረሰውን ጉልበቴን አሳይቼ የተሻለ እንድትፈልግልኝ ለመንኳት። «እንግዲያው በሩ አጠገብ ላስቀምጥዎት» አለች።

ከእንጅባራ ዳንግላ በሚኒባስ የተመላለሰ ሰው የበሩን ወንበር ያውቀዋል፤ የረዳቱ ነው። ሰው በወረደ ቁጥር ብድግ ማለት ነው። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ረዳት ልታደርጊኝ ነው?» አልኳት። ልታስረዳኝ ብትሞክር አልሰማ አልኩ፤ መሃል ላይ ሰጠችኝ። ከረዳትነት ያወጣኝን አምላክ አመስግኜ ገባሁ።

ከሁለት ወፋፍራም ሰዎች መሃል ተወተፍኩ። የፊተኛው ሰውዬ ወንበሩን ወደ እኔ ሲያስተኛው ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ደረሰ። ውዳሴ ማርያሙን ጨርሼ ዳዊቱን አጋመስኩ፤ «ወራጅ አለ» የሚል ግን አንድ ሰው ጠፋ። በሩም አልተከፈተ። ሽንት ቤት ልሄድ እያነከስኩ ስነሳ፣ በሩ አጠገብ አንድ ረጅም ጎልማሳ እግሩን እንደ መደብ ላይ ዘርግቶ አየሁት። ቆሜ ጉልበቴን ሳሽ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ፦

«አባባ፣ ይችን ወንበር አንድ ሰው አልፈልግም ብሎ ነው ለእኔ የደረሰችኝ፤ ሰውዬውን ባገኘው ጉልበቱን እስመው ነበር።»