ገበዙ ተለወጡ፤ ምንጣፉ ገና አላለቀም

እናንተዬ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሥራ ያዘዛችሁ ሰው ሥራው ሳያልቅ ከቦታው ቢነሣና ሌላ ቢተካ ምን ታደርጋላችሁ? ዝም ብላችሁ ትጨርሳላችሁ? እኔስ አስቤው አላውቅም ነበር። ያሳሰበኝ እዚሁ ደብረ ብርሃን በሬሳ ወንዝ ዳር የሆነው ነገር ነው።

የፈተልኩትን የበግ ጠጉር ተሸክሜ ወደ ሸማኔው ወደ አያ ወልደአረጋይ ቤት ስሄድ፣ መሻገሪያው ላይ የእኅታቸውን ልጅ ዲያቆን ኃይለ ገብርኤልን አገኘሁት። አንኮበር ቅኔ ይማራል፤ ከዚያ መምጣቱ ነው። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል።

«እንዴት ዋሉ እትዬ እናናየሁ? ጠጉሩ ለሩፋኤል ምንጣፍ ነው?»

«አዎን ልጄ። ለጳጉሜ ሩፋኤል ይደርሳል፣ እሱ ካለ።»

«ገበዙ መለወጣቸውንስ ሰምታችኋል?»

ማን ሰምቶ! ምንጣፉን ያዘዙት የሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ገብረአማኑኤል ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃና ሥራ የሚያዩት እሳቸው ነበሩ። አሁን ታመው ጎረቤላ ልጃቸው ቤት ተኝተዋል፤ በቦታቸው ቄስ ተክለጊዮርጊስ ገብተዋል አለኝ።

አያ ወልደአረጋይን እግራቸውን የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ከተው አገኘናቸው። ምንጣፉ ሦስት ቁራጭ ሆኖ ነው የሚሰፋው፤ አንዱ አልቋል፣ ሁለተኛው ተጀምሯል። ጠጉሩን ምእመኑ ከየበጉ ሸልቶ ነው ያዋጣው። ቢበላሽ ከዚያ በዓል በፊት ሌላ ከየት ይመጣል?

«ተለወጡ? ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?» አሉ አያ። «ቃል የሰጠሁት ለአባ ገብረአማኑኤል ነው። ወለሉን በክንዳቸው ለክተው ነግረውኛል። ጨርሼ በበዓሉ ዋዜማ እዘረጋዋለሁ፤ አዲሱም ያን ጊዜ ያዩታል።»

«ምን እንደታዘዘ የሚያውቁ ይመስልዎታል?»

«ገበዝ ሆኖ የማያውቅ አለ እንዴ?»

«ከየት ያውቁታል አጎቴ?»

አያ መወርወሪያቸውን ያዝ አደረጉ። «ቅኔ ቤት የሚያስተምሩህ ሽማግሌ ማፋጠጥ ነው?»

«መጠየቅ ነው፤ አይቆጡኝ። አምና የንስሐ አባትዎ ሲያርፉ ወደ አዲሱ ሄደው ምን አሏቸው?»

«ምን እላለሁ? ጾሙንም ስግደቱንም የት እንዳደረስኩ ነገርኋቸው።»

«ለምን ነገሯቸው? የንስሐ አባት ሆነው አያውቁም ነበር?»

ሳቄ አመለጠኝ።

«አንቺን ደግሞ ምን ያስቅሻል?»

«ምንም አያ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው» አልኩ።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ድሩን በመዳፋቸው እያሻሹ «እሺ፣ ልሂድ። አባ ገብረአማኑኤልስ ምን ይሉኛል? አልጋ ላይ ሳለሁ ፊቱን አዞረብኝ አይሉም? ወዳጄ ናቸው እኮ» አሉ።

እኔ ትዕቢት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ታማኝነት ኖሯል። ሰው ግትር ሲሆን ምን ፈርቶ እንደሆነ መጠየቅ ጥሩ ነው።

ዲያቆኑም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቃል የሰጡት ለሳቸው ብቻ ነው፣ ወይስ በሳቸው አፍ ለታቦቱ?»

«ለታቦቱ ነው እንጂ።»

«እንግዲያውስ የተለወጠው አፉ ነው። መጀመሪያ አባ ገብረአማኑኤል ዘንድ እንግባ፤ እሳቸው ራሳቸው ይላኩን።»

«አዲሱ አልወደድኩትም፣ ፍታው ቢሉኝስ?»

«ይህን ቃል አንዱ ቁራጭ ላይ ቢሰሙት ይሻላል፣ ወይስ ሦስቱም ከተሰፉ በኋላ?»

አያ ወልደአረጋይ እግራቸውን ከጉድጓዱ አወጡ።

ያለቀውን ቁራጭ በበቅሎ ጭነን ወረድን፤ እኔም ለሩፋኤል ስለት ነበረብኝና አብሬ ሄድኩ። ጎረቤላ ስንደርስ አባ ገብረአማኑኤል ጉዳዩን ሰምተው ግንባራቸውን መቱ። «ወይ እኔ! ቁልፉን አስረከብኩት እንጂ ነገሩን መች አስረከብኩት! ሂዱ፤ ገብረአማኑኤል ልኮናል በሉት። አንተም ወልደአረጋይ፣ እሱን እንደኔ አድርገህ ስማው» አሉና መረቁን። አያ ጉልበታቸውን ስመው ሲወጡ ፊታቸው ፈክቶ ነበር።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ቄሰ ገበዝ ተክለጊዮርጊስ ቁራጩን ሲያዩ ተገረሙ። «ጠጉር እየተፈተለ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ለካህናቱ በርኖስ መስሎኝ! የት የሚውል ነው?»

«ከምዕራቡ በር ጀምሮ ወለሉ ላይ የሚዘረጋ ነው አባቴ» አሉ አያ።

«እስቲ እንየው።»

በሩን ዘግተን ከውስጥ ከበሩ ሥር ዘረጋነው። ገበዙ መልሰው ሊከፍቱት ቢሉ በሩ ምንጣፉን ነክሶ ቀረ። ቢስቡት፣ ቢገፉት፣ እምቢ።

«ይህን በር ያዞርኩት እኔ ነኝ» አሉ ገበዙ። «ድሮ ወደ ውጭ ነበር የሚከፈተው፤ ነፋሱ ቢያስቸግረኝ ወደ ውስጥ አደረግሁት። ምንጣፍ እንደሚመጣ መች አወቅሁ!»

አያ ወልደአረጋይ በሩን አዩ፣ ምንጣፉን አዩ። ምንጣፉ ተሰፍቶ በዋዜማው ተዘርግቶ ቢሆን፣ ጠዋት ሕዝቡ እልል ሲል ታቦቱ በየት ይወጣ ነበር?

ከዚያ ተቀምጠው ተነጋገሩ። መካከለኛው ቁራጭ በሩ ጋ ሲደርስ በሩ የሚዞርበትን ያህል እንዲያጥር፣ ያለቀው ደግሞ በግድግዳው በኩል እንዲውል ተስማሙ። ገበዙ ዳሩ ነጭ ቢሆን አሉ።

«በቀሩት ሁለት ላይ ነጭ አደርጋለሁ አባቴ። ያለቀውን ግን ከምፈታው ጣቴን ቢፈቱት ይሻለኛል።»

ገበዙ ሳቁ። «ይሁን፤ ያለቀው እንዳለ ይሁን።» የተስማሙበትንም በእኛ ፊት አንድ በአንድ ደገሙት፤ እኔና ዲያቆኑ ምስክር ሆንን።

ስንመለስ አያ ዳገቱ ላይ ቆም አሉ። «ለቅኔ ቤት እህል የምልከው በከንቱ አይደለም» አሉት ልጁን። ወደ እኔም ዞረው፦ «አየሽ፣ እኔ ሰው መክዳት መስሎኝ ነበር። አሁን አሮጌው ወዳጄ እንደ ወዳጄ ናቸው፣ አዲሱም ወዳጅ ሆኑኝ፣ የሰውም ጠጉር አልባከነ። ዝም ብል ኖሮ ሦስቱንም አጣ ነበር።»

በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ሲወርድ የምዕራቡ በር ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ታቦቱም ወጣ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የያዛችሁትን ሥራ ያዘዛችሁ ሰው ተነሥቶ እንደሆነ፣ ነገ ጠዋት ሥራችሁን ይዛችሁ አዲሱ ዘንድ ሂዱና «እንዴት አደሩ፣ እዚህ ደርሻለሁ» በሉት።