አሎቬራ የተባለው ሬት

በእኛ ጊዜ ደጃፍ ላይ ምን ልትከል ብሎ ሰው አይማከርም ነበር፣ ሰዓዳ። አሰላ ላይ ማን ይመርጣል? ዱላ ብትሰኪ ይበቅላል። እንዲህ አንቺ አሁን ደራ ላይ ቤት ሠርቼ ፊት ለፊቱ ምን ይሻለኛል ብለሽ ደብተር ይዘሽ እንደመጣሽው ያለ ነገር የት ነበር? ጽጌረዳውም፣ ጤና አዳሙም፣ ዳማከሴውም ራሱ መጥቶ ነው የሚቀመጠው፤ ዝናቡ ያጠጣል፣ የአንቺ ሥራ መከርከም ብቻ ነው። እና ይኸው ዛሬ ሰው ለተክል ምክር ወደ እኔ ይመጣል! እኔ ደግሞ ደክሞኛል፣ ልጄ፤ ስለ ተክል ማውራትም ይደክመኛል። ከመጣሽ አይቀር ግን ልንገርሽ። ጻፊ እሺ፣ እንዳለ ጻፊው።

እኔና ዘይነባ አሰላ ስንት ዓመት ኖርን፤ እኔ የትራክተር መካኒክ ነበርኩ፣ እጄን ተመልከቺው፣ ግራሶው እስካሁን አልለቀቀም። ታዲያ የዘይነባ አስም ባሰ። ክረምት ሲገባ ትንፋሿ ያፏጫል፣ ያፏጫል፣ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ እሱን እሰማለሁ። ሐኪሙም «አባት፣ እኚህ እናት ብርዱ አልተስማማቸውም፣ ወደ ሞቃት አገር ይውሰዷቸው» አለኝ። እና ቤቱን ለልጃችን ለሰሚራ ተውንላትና ወደዚህ ወደ ደራ ወረድን። ወረድን ስልሽ ሩቅ አይደለም፣ በሚኒባስ ቁልቁል ነው፤ አገሩ ግን ሌላ። ትንፋሿም ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ትንፋሿ ሲመለስ ሌላ ነገር መጣ።

«አባ ሰሚራ፣ ደጃፌ ራቁቱን ነው» አለች። «እንግዳ ሲመጣ ምን ያያል? አቧራ?»

«አገሩ አቧራ ነዋ!»

«እኔ አቧራ ላይ አልኖርም። ወይ ደጄን አልብስልኝ፣ ወይ አሰላ መልሰኝ።»

አሰላ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሻል? አንድ ክረምት አትወጣም። ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ጀሪካን የተሸከምኩት ለአበባ እንዳይመስልሽ፣ ለሚስቴ ነፍስ ነው።

መጀመሪያ ጽጌረዳ ከአሰላ አስመጣሁ፣ ተቃጠለ። ሣር ተከልኩ፣ የጎረቤት ፍየል እንኳ ንቃው አለፈች። እና ደግሞ እንሰት! ደራ ላይ እንሰት የሚተክል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ተከልኩ። ቅጠሉ በነፋሱ ብጥስጥስ አለ። ቧንቧዋ እንደሆነች ደስ ሲላት ነው የምትመጣው፣ እኔ ጀሪካን ይዤ ወዲያ ወዲህ፣ ጎረቤቱ ደግሞ «ደገኛው ዛሬም ያጠጣል!» እያለ ይስቃል።

ታዲያ በቃ የአገሩን ተክል እንምረጥ ተባባልን። ቅንጭብ አልኳት። «ወተቱ ዓይን ያጠፋል፣ የልጅ ልጆቼ ይመጣሉ» አለች። ቁልቋል አልኳት። «ቁልቋል የወና ቤት አጥር ነው» አለች። እንግዲያው የኒም ዛፍ እንትከል፣ ጥላው ጥሩ ነው አልኳት። «እሱ ጥላ እስኪሆን እኔ የት አለሁ?» አለች። ይቺን ቃል አልወደድኳትም፣ እውነቴን ነው።

በዚህ መሀል ሰሚራ ወለደች። ዘይነባ አራስ ልትጠይቅ አሰላ ወጣች፤ በጋ ነበር፣ እሺ አልኩ። እና እኔ በልቤ እስክትመለስ ደጃፉን እጨርሰዋለሁ ብዬ ችግኝ ወደሚሸጥበት ሄድኩ። ሻጩ ወፍራም ሰው ነው፣ አፉ ቅቤ። «ውሃ የማይጠይቅ፣ ፀሐይ የማይፈራ፣ ፍየል የማይበላው ነገር አለህ?» አልኩት።

«አለ ፋዘር! አሎቬራ!» አለኝ።

አየሁት። አየሁትና «ይሄ ሬት አይደለም እንዴ? በኦሮምኛ ሀርጊሳ የሚሉት?» አልኩት።

«ኧረ ፋዘር! ሬትማ የመቃብር ነው። ይሄ አሎቬራ ነው፣ የውጭ ነው! ሴቶች ፊታቸውን የሚቀቡት፣ ሻምፑ ላይ ሥዕሉ ያለው!»

ታዲያ ዓይኔ ሬት ይላል፣ ጆሮዬ አሎቬራ ይላል። ደክሞኝ ነበር፣ ሰዓዳ። የደከመው ሰው የሚያምነው ጆሮውን ነው። ይዤ መጣሁ። ከበሩ በስተቀኝ ቆፈርኩ፣ ፍግ ስሞላበት ቆለል አለ፣ ውሃው እንዳይሸሽ ብዬ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርኩ። ያገኘሁት ቦታ ከአንድ ሰው ቁመት ትንሽ ዘለል ይላል። በሁለት ረድፍ ተከልኩት። ቆሜ አየሁትና ኮራሁ፣ ወላሂ ኮራሁ!

ዘይነባ ከወንድሟ ከጀማል ጋር ተመለሰች፤ ሳጉሬ ያለው እህል ነጋዴው፣ ድምፁ ከገበያ ይሰማል። እኔ ውስጥ ሆኜ ጢሜን እየተላጨሁ ነው። ባጃጅ ሲቆም ሰማሁ፣ ከዚያ የጀማል ጩኸት፦ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! ከድርዬ! ሳንሰማ ቀበሩህ? ደጅህ ላይ ቀበሩህ?» እኔ ፊቴ በሙሉ ነጭ አረፋ እንደሆነ ብቅ አልኩ። ጀማል ዘሎ ባጃጁ ውስጥ ተመልሶ ገባ! ሹፌሩ ደግሞ «ኤኙቱ ዱኤ? ማን ነው የሞተው?» ይላል። «ማንም አልሞተም!» እላለሁ እኔ። «ታዲያ ይሄ መቃብር የማን ነው?»

እኔ ሳቅሁ። ጀማልም ኋላ ሳቀ። ዘይነባ አልሳቀችም። ገባች፣ ሻርፗን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«አባ ሰሚራ፣ ሐኪሙ ምን አለህ?»

«የቱ ሐኪም?»

«እኔን አስወጥቶ ብቻህን ያነጋገረህ።»

«ሲጋራህን ተው፣ ጭሱ ለእሷ ጠላት ነው ነው ያለኝ።»

«ውሸት። ቁርጤን ነግሮሃል። አንተም ቦታዬን አዘጋጀህ። በልኬ!»

በልኬ አለች፣ ሰማሽ? ማልኩ፣ ቁርዓን አምጪ አልኩ፣ አላመነችኝም። እነቅለዋለሁ ብዬ ዶማ አነሳሁ። «አሁንማ ብትነቅለው ነቅቼብህ ነው፣ ተወው። ሞቴ ካልቀረ አገሬ ልሙት» አለች። ሻንጣዋን አልፈታችም፤ ሻንጣው በሩ ሥር ቆመ። ጀማል ተይ ብሎ ቢለምናትም እንቢ አለች፤ እሱም አልወስድሽም ብሎ ብቻውን ሄደ። ሁለት ቀን ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሰችም። እኔ ፈራሁ። ተክል እመርጣለሁ ብዬ ሚስቴን ገደልኩ አልኩ።

በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን መርየም ናት፣ ዓይኗ አብጧል። «እናቴን ቀብረን መጣን» አለች። «መቃብሯ ላይ የማኖረው ሬት አጣሁ። እናንተ ደጅ ጥሩ አለ አሉኝ፣ አንድ ብትሰጡኝ?» እኔ ሞኙ አሎቬራ ነው ልል አፌን ስከፍት ዘይነባ ብድግ አለች። ራሷ ወጣች፣ በእጇ ፈልፍላ፣ ሥሩን ሳትጎዳ፣ ትልቁን መርጣ ሰጠቻት። እዚያው ተቃቅፈው አለቀሱ።

መርየም ስትሄድ ዘይነባ ቆማ ሬቱን አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ አጥሩ ታስጠጋ ጀመር።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«አንተ መካኒክ! ሬቱ ምን አጠፋ? መቃብር አስመስለህ የቀበርከው አንተ ነህ። በአጥሩ ጥግ ጥግ መስመር አስይዘው፣ ደጃፍ ይምሰል። በል ውሃ አምጣ!»

ውሃ አምጣ ስትለኝ አለቀስኩ። ይሄን ያህል ሽማግሌ ጀሪካን ይዞ ሲያለቅስ! በዚያው ቀን ሻንጣዋን ፈታች።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ይራባል፣ አያልቅም። ሰፈሩ ሰው ሲሞትበት ወደዚህ ነው የሚመጣው፣ እሷም በር በተንኳኳ ቁጥር «ማን አረፈ?» ብላ ትወጣለች፣ ትሰጣለች፣ በነቀለችበት ሌላ ትተካለች። እኔን ግን ደከመኝ። ለሠርግ አበባ ስጡን የሚለን አንድ ሰው የለም እኮ! እና አንድ ቀን ደክሞኝ «እንግዲህ ለእኛም ይበቃናል፣ ከሩቅ አንለምንም» ብዬ አመለጠኝ። ዞር ብላ አየችኝ።

«ለእኔ ከዚህ እንዳትነቅል!»

«ለምን?»

«ደጃፌ ይጎድላላ!»

«ታዲያ ለአንቺ ከየት ላምጣ?»

«እኔ ምን አገባኝ፣ ከሰው ደጅ ለምነህ አምጣ» አለችኝ። እስካሁን ትለኛለች። የምለምንበት ደጅ ደግሞ በዚህ ሰፈር የለም፣ ሁሉም ከእኛ ነው የሚወስደው።

ምን አልሽ? አንቺ ትተክያለሽ? ከአንቺ ደጅ እንድወስድ? ሃ ሃ ሃ! ዘይነባ! ዘይነባ! ሰማሽ ወይ? ሰዓዳ ደጃፏ ላይ ሬት ልትተክል ነው፣ ለአንቺ ከእሷ ውሰዱ ትላለች!

«ትትከል! ደግ አሰበች!» አለች ዘይነባ ከጓዳ። «ውሃ ግን እንዳታበዛበት በላት። ቀስ ብሎ ይደግ!»